አደራና ቁልፍ፤ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ

ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ስለ ስንቁ፣ ስለ ውሃውና ስለ መድኃኒቱ መካሪ አያጣም። ስለ ፎቶግራፍ ማንሻው ግን የሚመክረው ጥቂት ነው። ነገር ግን በዛሬ ጊዜ ለሥራም ሆነ ዘመድ ለመጠየቅ ከሚጓዘው ሰው ካሜራ ሳይዝ ከቤቱ የሚወጣው ከስንት አንድ ነው፤ ዋጋውም የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ስለዚህ በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. ከመተማ ወደ ገዳሪፍ ባደረግነው ጉዞ ያየነውን፣ የተማርነውንና ያጣነውን ለአንባብያን ብንነግር ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል።

የጥንት ፎቶግራፍ አንሺ እንደ እኛ ያለ ሥጋት አልነበረበትም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮችን ይዞ መጥቶ ነበር። መሣሪያቸው ከነመስተዋቱና ከነመድኃኒቱ በጭነት ከብት የሚጓዝ ስለ ነበረ፣ ሌባ በብብቱ ይዞት ሊሮጥ አይችልም ነበር። የዛሬው ካሜራ ግን ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። የሚነሡት ፎቶግራፎች የሚቀመጡባት ሜሞሪ ካርድ ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት ብትበልጥ ነው። ዕቃው እያነሰ በሄደ መጠን የጥበቃው ሥራ እየበዛ ሄደ።

የጉዟችን ምክንያት የቤተ ሰብ ጉዳይ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በታላቁ ድርቅ ጊዜ አክስታችን፣ ማለት የአባታችን እኅት፣ ታናሽ ወንድማቸውን አስከትለው ከትግራይ በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በዚያን ጊዜ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ የትግራይ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ወድ ኮሊ በሚባለው መጠለያ ሰፍረው ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ በረኃብ፣ በኩፍኝና በተቅማጥ ሞቱ። የአክስታችንም ወንድም ከሟቾቹ አንዱ ሆነ። ዝናብ ዘንቦ አብዛኛው ስደተኛ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አክስታችን «ወንድሜን በሰው አገር ብቻውን ትቼ አልሄድም» ብለው ገዳሪፍ ቀሩ። በዚያም ቡናና ሻይ እየሸጡ 33 ዓመት ያህል ኖሩ።

አያታችን በዚያ ወራት ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት አልፎ ዓይናቸው መድከም ጀምሮ ነበር። የሴት ልጃቸውን ድምፅ በስልክ ይሰማሉ እንጂ ከተለያዩ ወዲህ መልኳን አላዩም፤ የአክስታችን ስልክ ድምፅ ብቻ የምታስተላልፍ ነበረችና። ስለዚህ ወደ ገዳሪፍ መሄዳችንን በሰሙ ጊዜ አስጠርተው ሁለት ነገር አዘዙን። «የልጄን ፊትና የልጄን መቃብር አምጣልኝ፤ ዓይኔ ሳይጠፋ ልያቸው። አደራ!» አሉን።

ከጐንደር እስከ መተማ ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአዘዞና በአይከል አልፎ ከደጋው ወደ ቆላው ሲወርድ፣ መንገደኛው በማለዳ የተከናነበውን ጋቢ ገንዳ ውኃ ሲደርስ አጥፎ በክንዱ ለመያዝ ይገደዳል። በኅዳር ወር የቆላው ሰሊጥ ታጭዶ በነዶ በነዶ ቆሞ ይታያል፤ ማሽላውም ራሱን ደፍቶ አጫጁን ይጠብቃል። መተማ ዮሐንስ የምትባለው ከተማ ስሟ የሚያስታውሰው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ነው፤ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቈስለው የሞቱት በዚያ ጦርነት ነው። ከማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ገላባት ትባላለች። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ትንሽ ድልድይ ብቻ ነው። ነገር ግን ድልድዩን የተሻገረ ሰው በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ገንዘብና በሌላ ሕግ ውስጥ ይገባል።

ከመሻገራችን በፊት ወደ ጉምሩክ ጣቢያው ሄደን ካሜራችንን አስመዘገብን። ይህን ያደረግነው በዚያ መንገድ የተመላለሰ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ስለ መከረን ነው። እያንዳንዱ ካሜራና እያንዳንዱ ሌንስ በአካሉ ላይ የተጻፈ የራሱ ቍጥር አለው። ይህ ቍጥር በመውጫው ላይ ተመዝግቦ ማኅተም ካልተደረገበት፣ መንገደኛው ሲመለስ «ከውጭ ገዝተህ ያስገባኸው ነው» ተብሎ ቀረጥ ሊጠየቅ ይችላል። በገላባት በኩልም እንዲሁ አስመዘገብን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን እያንዳንዱን ዕቃ፣ እርሳስ እንኳ ሳይቀር፣ በደብተር ያስጽፉን ነበር። ያን ጊዜ ሥራ ያጡ መስሎን እንስቅ ነበር፤ በድንበሩ ላይ ግን መምህራችንን ከነደብተራቸው አመሰገንን።

በዚያን ጊዜ ሱዳን የገባ የውጭ አገር ሰው በ3 ቀን ውስጥ በፖሊስ መመዝገብ ነበረበት። ለፎቶግራፍም የተለየ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። በፈቃዱም መሠረት ወታደራዊ ቦታ፣ ድልድይ፣ የሬዲዮ ጣቢያ፣ ለማኝና የድኾች መንደር ማንሣት ክልክል ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ካሜራን ከባለቤቱ እጅ የሚያወጣው ሌባ ብቻ ስላልሆነ ነው። በማይገባ ቦታ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ካሜራውን ከነባለቤቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ያደርሰዋል።

ለጉዞው ብለን አዲስ ቦርሳ ገዝተን ነበር። የካሜራው ኩባንያ ስም በትልልቅ ነጭ ፊደል ተጽፎበታል፤ ሁለት የሚያብረቀርቁ ቁልፎችም ተንጠልጥለውበታል። በገላባት የሰሊጥ ጆንያ ተሸክሞ የሚያልፍ አንድ ወጣት ቦርሳውን አየና በአማርኛ «ጌታዬ፣ ወርቅ ነው እንዴ የያዙት?» ብሎ ሳቀ። እኛም በቀልዱ ቅር ተሰኘን እንጂ ምክር መሆኑን አላስተዋልንም።

ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ያለው አስፋልት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በጥቁር አፈር ሜዳ መካከል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህ መሬት በክረምት መኪና የሚውጥ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ማሽላና ሰሊጥ የማያበቅል ቦታ ያለው አይመስልም። የገዳሪፍ ሀብት ሁሉ ከዚህ አፈር የተገኘ ነው፤ በሰብል ገበያዋ እህሉና ሰሊጡ በጨረታ ሲሸጥ ይውላል። ለአረምና ለአጨዳ ከአገራችን የሚሻገሩ የቀን ሠራተኞች ብዙ ስለ ነበሩ፣ በየሻይ ቤቱ አማርኛና ትግርኛ ከዓረብኛ ጋር ተደባልቆ ይሰማ ነበር። እኛ ባጃጅ የምንለውን ባለሦስት እግር መኪና እነርሱ ራክሻ ይሉታል።

የደረስነው በጨለማ ስለ ነበረ በመጀመሪያው ሌሊት ሎካንዳ በሚሉት ርካሽ ማደሪያ አደርን። በሎካንዳ እንግዳ የሚያድረው በተቈለፈ ክፍል አይደለም። ዐንገሬብ የሚባሉ የገመድ አልጋዎች በግቢው ተደርድረው፣ ነጋዴውም ሾፌሩም ተማሪውም በሰማይ ሥር ጐን ለጐን ይተኛል። እኛም ቦርሳችንን በብረት ሰንሰለት ከአልጋው እግር ጋር አስረን ቈለፍን፤ በሥራችንም ደስ አለን። የማደሪያው ጠባቂ ሽማግሌ ሲመለከቱን ቆይተው ቀረቡና አንድ ቃል ሳይናገሩ የአልጋውን እግር በአንድ እጃቸው ከፍ አደረጉ። ሰንሰለቱን ከነቁልፉ ከእግሩ ሥር አወጡና በመዳፋቸው ላይ አሳዩን። በዙሪያችን የተኙት ሁሉ ሳቁ።

ሽማግሌው ግን ከራስጌያቸው ወዳለው የብረት ሣጥን እያመለከቱ «አማና» አሉን። ቃሉን ለመረዳት ብዙ ዓረብኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ በአማርኛ አደራ፣ በትግርኛችንም ሕድሪ የሚባለው ነው። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባብያን ይህን ቃል ዕቃ ከማስቀመጥ ጋር አንድ አድርገው እንዳያዩት እንለምናለን። አደራ የተቀበለ ሰው የሌላውን ዕቃ ከራሱ ዕቃ አብልጦ ሊጠብቅ በሰውና በእግዚአብሔር ፊት ይታሰራል። ቦርሳውን እያመነታን ሰጠናቸው። ሲነጋም እንደ ሰጠናቸው መለሱልን፤ ለሻይ ብለን የዘረጋነውንም ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

በማግሥቱ አክስታችንን በሻይ መሸጫቸው አገኘናቸው። መልካችንን ሳይሆን ድምፃችንን ለይተው «ወዲ ሓወይ!» ብለው አቀፉን፤ በትግርኛ «የወንድሜ ልጅ» ማለት ነው። ፎቶግራፍ ልናነሣቸው ስንዘጋጅ ግን እንቢ አሉ። «እናቴ ፀጉሬን ሳልሠራ ካየችኝ ኑሮ የከፋብኝ ይመስላታል» ብለው ጐረቤታቸውን ጠሩ። ሹሩባው እስኪያልቅ ግማሽ ቀን ጠበቅን። ከዚያ በኋላ ነጭ ነጠላ ለብሰው ጀበናውን ይዘው፣ ሲስቁም ሲያስቡም፣ ሁለት ቀን ሙሉ አነሣናቸው።

በሁለተኛው ማታ አክስታችን ቦርሳችንን እንደ ሕፃን ታቅፈን ከክፍል ወደ ክፍል ስንዞር አይተው ጠየቁን። «ለመሆኑ የኔ ፊት ያለው በየትኛው ውስጥ ነው?»

ካርዷን አውጥተን አሳየናቸው።

«ታዲያ ስለ ምን ትልቁን ታቅፈህ ትንሹን ትረሳለህ? ትልቁ ከገበያ ይገዛል» አሉና ካርዷን ተቀብለው በጨርቅ ጠቅልለው በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሯት። እኛም የሴት ወይዘሮ ልማድ ነው ብለን፣ እሳቸውን ደስ ለማሰኘት ያህል ተስማማን። በካሜራው ውስጥ ሌላ ካርድ አስገባን።

በሦስተኛው ቀን አስፈላጊውን ፈቃድ አግኝተን በተከራየነው የጭነት ቶዮታ ወደ ወድ ኮሊ ሄድን። የመጠለያው ድንኳኖች ከጠፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ሜዳው ሜዳ ብቻ ነው። አክስታችን ግን በየዓመቱ ስለሚሄዱ ያለ መሪ ወደ አንድ ግራር ወሰዱን። በግራሩ ሥር በራስጌና በግርጌ የቆሙ ሁለት ድንጋዮች አሉ፤ በኖራ የሚቀቧቸው እሳቸው ናቸው። ከአራቱም ማዕዘን አነሣነው። አክስታችን ተንበርክከው ሣሩን ሲነቅሉም አነሣን። አያታችን ያዘዙን ሁለተኛው ነገር ይህ ነበር።

ገዳሪፍ የተመለስነው ሊመሽ ሲል ነው። አክስታችን ሽንኩርት ሊገዙ ወደ ገበያው ገብተው እኛ በመንገድ ዳር ስንጠብቃቸው፣ አንድ በደንብ የለበሰ ወጣት በትሕትና ጀርባችንን አመለከተን። በእጃችን ብንዳስስ ሸሚዛችን እርጎ በሚመስል ነገር ተበላሽቷል። ወጣቱ ውሃና መሐረብ አቀረበ። እኛም ቦርሳውን ከእግራችን አጠገብ አስቀምጠን ዞር አልን። ሸሚዛችን ሲጸዳ ቦርሳው አልነበረም፤ ወጣቱም አልነበረም። ሁለቱም ቁልፎች እንደ ተቈለፉ ሄዱ።

በዚያው ማታ ወደ ፖሊስ ሄደን አመለከትን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ ነገሩ የዘገየ ቢመስለንም ከንቱ አልሆነም። የካሜራው ቍጥር በወረቀታችን ላይ ስለ ነበረ ማመልከቻችን በቁም ነገር ተጻፈ፤ ማኅተም ያለበትም ማስረጃ ተሰጠን። ካሜራው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ነገር ግን በገላባት «ስትገባ ያስመዘገብኸው ካሜራ የት አለ?» ተብለን በተጠየቅን ጊዜ፣ ሸጠው መጡ ከመባል ያዳነን ያ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ነገር ከተማዋን ልንነቅፍ አንፈልግም። ሌባ አገርም ቋንቋም የለውም፤ ገንዘብ አልቀበልም ያሉት ሽማግሌም በዚያችው ከተማ ይኖሩ ነበር።

የዕረፍት ጊዜያችን ስላለቀ ወደ ወድ ኮሊ ሁለተኛ ልንሄድ አልቻልንም። ስንሰናበት አክስታችን መቀነታቸውን ፈትተው ካርዷን በመዳፋችን አኖሩና «ሕድሪ!» አሉን። እኛም በሸሚዛችን ውስጥ ሰፍተናት ተመለስን።

አያታችን የታተመውን ፎቶግራፍ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም «ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ደኅና ናት ማለት ነው» አሉ። ፎቶግራፉን በጉልበታቸው ላይ አኑረው «ሁለተኛውስ?» ብለው ጠየቁን። የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ስለ ድንጋዮቹ፣ ስለ ኖራውና ስለ ግራሩም አወራናቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ግራሩ ጥላ አለው?» አሉን። አለው አልናቸው። በሚመጣው ዓመት ተመልሰን እንደምናመጣላቸው ቃል ገባን፤ ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. መቃብሩን ሳያዩ ዐረፉ።

ከዚህ ጉዞ የተማርነውን፣ በተለይ የመንግሥት ንብረት ይዘው ወደ ጠረፍ ለሚጓዙ አንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከመነሣት በፊት የካሜራውንና የሌንሱን ቍጥር መጻፍ፣ የግዢውን ደረሰኝ ግልባጭ ማውጣትና ሁለቱን ከቦርሳው ውጪ መያዝ ይገባል። ድንበር የሚሻገር ሰው በመውጫውም በመግቢያውም ጉምሩክ ያስመዝግብ።

ሁለተኛ፣ ቦርሳው ውስጥ ያለውን የሚናገር ቦርሳ አያስፈልግም። የኩባንያው ስም በጥቁር ፕላስተር ይሸፈን፤ ቢቻል ካሜራው በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ በተራ ከረጢት ይያዝ። የሚያብረቀርቅ ቁልፍ ሌባውን ከመከልከሉ በፊት ይጠራዋል።

ሦስተኛ፣ ካሜራና ፎቶግራፍ በአንድ ቦርሳ አይደሩ። በየማታው ፎቶግራፉ ወደ ሌላ ካርድ፣ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒዩተር ይገልበጥ፤ ካርዱም በሰውነት ላይ ወይም በታመነ ሰው እጅ ይሁን። እኛ በሁለተኛው ማታ ያደረግነውን በሦስተኛው ቀን እዚያው ወድ ኮሊ ላይ ብንደግመው ኖሮ፣ ይህ ጽሑፍ ሌላ ፍጻሜ በኖረው ነበር።

አራተኛ፣ በገበያና በመኪና መናኸሪያ የቦርሳው ማንገቻ በአንገትና በብብት ተሻግሮ ይያዝ። ለመቀመጥ ሲያስፈልግ ማንገቻው በእግር ላይ ይጠምጠም። ልብስህ ቈሽሿል፣ ገንዘብ ወድቆብሃል የሚል እንግዳ ሲመጣ፣ ቦርሳውን አጥብቆ ይዞ ወደ አንድ ሱቅ ገብቶ መመልከት ነው። ይህ ተንኰል በብዙ የዓለም ከተሞች የታወቀ ነው።

አምስተኛ፣ ማደሪያ ሲደርሱ የሚታሰርበትን ነገር መመርመር ነው፤ የአልጋ እግር ከመሬት እንደሚነሣ አይዘነጋ። በአውሮፕላን የሚሄድ ደግሞ ካሜራውን ከጭነት ጋር አይስጥ፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪም በእጅ እንጂ በጭነት ክፍል እንዲሄድ አይፈቀድም።

ስድስተኛ፣ ዕቃው ከጠፋ በዚያው ቀን ለፖሊስ አመልክቶ ማስረጃ መቀበል ይገባል። ኢንሹራንስ ያለውም ሰው ያለ ፖሊስ ማስረጃ ካሣ ማግኘት ይቸግረዋል።

ከጉዟችን በኋላ ያ መንገድ ብዙ አየ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተሰደዱ ሰዎች እንደገና በገዳሪፍ አውራጃ፣ በኡም ራኩባ ሰፈሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ገዳሪፍ ራሷ የተፈናቃይ መጠጊያ ሆነች፤ በዚያች ትንሽ ድልድይ ላይም ስደተኞች ወደ እኛ ተሻገሩ። እኛም የወድ ኮሊን መቃብር ለማንሣት እስከ ዛሬ አልተመለስንም። የአክስታችንን ፎቶግራፍ ግን በሦስት ቤት አስቀምጠነዋል።

አማርኛ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል። ሁለቱ ቁልፎቻችን ከቦርሳው ጋር ተወሰዱ፤ የሽማግሌው ሣጥንና የአክስታችን መቀነት ግን የተቀበሉትን መለሱ። አንባቢ ሆይ፣ ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ ቁልፍህን ያዝ፤ ነገር ግን በደረስህበት ሁሉ አደራ የሚቀበል ሰው ማን እንደ ሆነ አስቀድመህ ጠይቅ።